በበረዶው ሰው ሆድ ውስጥ ያለው ቀይ ክር

ቀራንዮ፣ የካቲት 2 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለእትዬ ሙሉወርቅ፣

ነገሩ የተበላሸው ትናንት እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ነርስ ሰብሌ አንድ ጋዜጣ ጠረጴዛችን ላይ ዘርግታ፣ ከፎቶው ሥር ያለውን ሦስተኛ መስመር ስትተረጉምልን።

ሰብሌን አያውቋትም። የሳንሱሲ ልጅ ናት። እርስዎ ካሉበት ከተማ ነርስነት ተምራ ባለፈው ወር ተመለሰች። ፎቶውን ያመጣችው ደስ እንዲለን ብላ ነው፤ ዘመዳችን ጋዜጣ ላይ ወጣች ብላ። እርስዎ ነጭ ሹራብ ለብሰው ቆመዋል። መዳፍዎ ላይ አንድ በክር የተሠራ የበረዶ ሰው አለ። ሻርፑን የቋጠርኩለት እኔ ስለሆንኩ ቋጠሮውን አወቅሁት። ሰብሌ በጣቷ እየተከተለች፣ «ኢትዮጵያዊቷ ሙሉወርቅ በገዛ እጇ የሠራችው» ብላ አነበበችና ቀና አለች። ሰውዬውን የሠሩት እማማ በላይነሽ ኪሮሻቸውን ከእጃቸው አላወረዱም።

«ቀጥዪ ልጄ፣ ሌላስ ምን ይላል?» አሉ።

ሌላማ፣ የከተማው የእጅ ሥራ ማኅበር እርስዎን የዓመቱ ባለሙያ አድርጎ መምረጡን ይላል። ስምዎ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ መሰቀሉን፣ ዓመቱን ሙሉ የሱፍ ክር እንደሚሰጥዎት፣ በግንቦት ደግሞ ለማኅበሩ ሴቶች እንደሚያስተምሩ ይላል። አምስተኛው መስመር ላይ ስለ ቀዩ ክር የተናገሩትን ሰብሌ ለብቻዬ ነው ያነበበችልኝ፤ እሱን ኋላ አነሣዋለሁ።

ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩ። ስድብ መጻፍ አልፈለግሁም። እኔ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ስለሆንኩ ካርቦን አላጣም፤ የጻፍኩልዎትን ሁሉ ቅጂ አስቀምጫለሁ። የእርስዎንም እንደዚያው። በተርታ ገልብጬ ልኬልዎታለሁ። እባክዎ እንደ ሌላ ሰው ሆነው ያንብቡት።

ወለተጻድቅ ሀብተማርያም


ቀራንዮ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሙሉወርቅ፣

ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎት፤ ብርዱን እግዚአብሔር ያቅልልዎት። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። የአባባ የአክስት ልጅ መሆንዎን እንጂ መልክዎን በቅጡ አላስታውሰውም፤ ሲሄዱ አሥር ዓመቴ ነበር። ሲስቁ አፍዎን በእጅዎ ይሸፍኑ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ።

አምና ለገና የላኩልን ካርድ ብዙ ሥራ አሠራን። እንደ ልማዳችን ጥድ ተክለን፣ ጥጥ በትነንበት፣ ካርዱን ከመካከል ሰቀልነው። አባባ ያንን ነጭ ድቡልቡል ሰው ትክ ብለው አዩትና፣ «ይህ ቄስ የየት አገር ነው? ጥምጥሙንስ ማን ወሰደበት?» አሉ። እስከ ጥምቀት ሳቅንበት።

ካርዱን ይዤ እማማ በላይነሽ ዘንድ ሄድኩ። እማማ በላይነሽ አምሐ ከጎጃም ለሕክምና ዘነበወርቅ መጥተው፣ ድነው፣ እዚያው የቀሩ ሴት ናቸው። የሥጋ ደዌው ከለቀቃቸው ሃያ ዓመት አልፏል፤ ከጣቶቻቸው ግን የወሰደውን አልመለሰም። በቀሩት ጣቶች የሚሠሩትን ዳንቴል አይቶ የቀራንዮ ሙሽራ ሁሉ ይሰለፋል። እኔ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው ዘንድ እማራለሁ።

«ምንድን ነው?» አሉኝ ካርዱን ተቀብለው።

«የበረዶ ሰው ነው እማማ።»

«በረዶ አናት ይፈነክታል እንጂ ሰው ይወጣዋል?»

«ልጆች ከደጅ አድቦልቡለው ያቆሙታል አሉ። ፀሐይ ሲወጣ ይቀልጣል።»

«አይ ፈረንጅ! በሚቀልጥ ነገር ላይ ቁልፍ ይጨርሳል?» ካርዱን ወደ መስኮቱ አዙረው ቁልፎቹን ቆጠሩ። ቆይተው፣ «እኛ የማይቀልጥ እንሥራለት» አሉ።

አራት ቅዳሜ ፈጀብን። በዳንቴል ክር የሠራነው የመጀመሪያው ተልፈሰፈሰ። ሁለተኛው አንገቱ ወፈረና እንስራ መሰለ። በየዙሩ የሚያዘውን የክር ዓይን ቁጥር በደብተር ላይ ያሰላሁት እኔ ነኝ፤ ቁጥሩን ወደ ሰው የለወጡት ግን እሳቸው ናቸው። ጥቁሩ ባርኔጣ ብቻ አልተዋጠላቸውም። «አባትሽ ቄስ ነው ብሏል። የአባትን ቃል አናስተባብልም» ብለው ጥምጥም አደረጉለት። አራተኛውን በሰው እጅ ልኬልዎታለሁ። ከቡጢ አይበልጥም። እንዲያዩት ጓጉቻለሁ።

አክባሪዎ ወለተጻድቅ


ጎተንበርግ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለውዷ ልጄ ለወለተጻድቅ፣

እንደምን አለሽልኝ? አባትሽ እንደምን ሰነበቱ? ቤታችሁን መድኃኔዓለም ይጠብቅ።

ጥቅሉን የፈታሁት ከሥራ ገብቼ፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ ነው። ወለተ፣ አለቀስኩ። ከዚያ ሳቅሁ፤ አዎ፣ አፌን በእጄ ሸፍኜ። አሥር ዓመት ሙሉ በየክረምቱ ይህን የበረዶ ሰው በየደጁ እያየሁት አልፋለሁ፤ አንድም ቀን የእኔ መስሎኝ አያውቅም። አሁን ጥምጥም ጠምጥሞ ከአገሬ መጣ!

መስኮቴ ላይ አቆምኩት። ጎረቤቴ የሆነች አሮጊት በሬ ላይ ደወለችና፣ «ያ በመስኮትሽ ያለው ማነው?» አለችኝ። ገልብጣ ስፌቱን ፈለገች፤ አጣችው። በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ የማጥባቸው ሽማግሌዎች ሁሉ አንድ አንድ አምጪልን ይሉኛል። ሥራው እንደ እንቁላል ነው፤ መጀመሪያም መጨረሻም የለውም።

አምስት ብትልኪልኝ። ነጭ የሱፍ ክርና ጥቁር ቁልፍ ልኬያለሁ። ጥምጥሙን እንዳትተዉት!

የምትወድሽ ሙሉወርቅ


ቀራንዮ፣ ጥር 25 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሙሉወርቅ፣

ጤና ይስጥልኝ፤ ዓመት ዓመት ያድርስዎት። ክሩ ደርሷል። እማማ በላይነሽ ጉንጫቸው ላይ አድርገው፣ «ይህስ በግ ሳይሆን ደመና ተሸልቶ ነው» አሉ። እዚህ ከቀበሌው ሱቅ ሱፍ ከጠፋ ዓመት ሆኖታል።

አምስቱን ልከናል። ከመላካቸው በፊት አንዱ ወግ ደርሶት ነበር። በቀበሌያችን የእጅ ሥራ ትርኢት ላይ አቆምኩት። ሊቀመንበሩ ጓድ አየለ ሁለት ጊዜ ዞረውት፣ «ይህ ቄስ ነው» አሉ።

«የበረዶ ሰው ነው ጓድ።»

«ጥምጥም አለው።»

«ብርድ ስለሆነ ነው።»

«በየትኛው መደብ ነው የሚመደበው?»

«ሌሊቱን ሙሉ ደጅ ቆሞ የሚያድር ነው። ዘበኛ ይመስለኛል።»

አሰቡበት። «እንግዲያው ላብ አደር ነው። ሻርፑ ቀይ ይሁን» ብለው አለፉ። ለእርስዎ የተላኩት ሁሉ ሻርፓቸው ቀይ የሆነው ከዚህ የተነሳ ነው።

መጀመሪያም መጨረሻም የለውም ስላሉት ነገር ልንገርዎት፤ ደስ ስለሚለኝ ነው። ሥራው ከሥር ይጀምራል። ስድስት ዓይን፣ ከዚያ አሥራ ሁለት፣ ከዚያ አሥራ ስምንት እያለ ይሰፋል። እንደ ቀንድ አውጣ ቤት ዝም ብሎ ስለሚዞር ዙሩ የት እንደጀመረ ይጠፋል። እኔ በጣቴ ዳብሼ አገኘዋለሁ። የእማማ በላይነሽ ጣት ግን አይሰማም። ክሩን በጥርሳቸው ይወጥራሉ፣ ኪሮሹን ወፍራም እንዲሆንላቸው በበቆሎ ቆረቆንዳ ውስጥ ሰክተው በመዳፋቸው ይይዛሉ፣ ሌላውን ሁሉ የሚሠሩት በዓይናቸው ነው። ስለዚህ በየዙሩ መጀመሪያ ላይ አንድ ቀይ ክር ጣል እያደረጉ ይሄዳሉ። ክሩ በውስጥ በኩል ከሥር እስከ አንገት ይወጣል። ቀዩ ጋ ሲደርሱ ዙሩ ሞላ ማለት ነው። ሌላ ሰው ሲጨርስ ይስበዋል። እሳቸው አይስቡትም። ለምን ብላቸው፣ «መንገድ የመራኝን በጥሼ ልጣለው?» አሉኝ።

እትዬ፣ እኔ ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ እንደዚህች ሴት ያለ ሥርዓት ያለው አእምሮ ግን አላየሁም። ለዚያ አገር ሰዎች ስማቸውን ነገሩልኝ? እሳቸው አልጠየቁም። የጠየቅሁት እኔ ነኝ።

አክባሪዎ ወለተጻድቅ


ጎተንበርግ፣ ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለውድ ወለተጻድቅ፣

እንደምን ከረማችሁ? ለመልሱ ስድስት ወር መዘግየቴን ይቅር በይኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። አምስቱም ተወደዱ። ለመጪው የፈረንጅ ገና ሃያ ያስፈልገኛል፤ ከኅዳር አጋማሽ በፊት ቢደርሱልኝ። ክሩ በሁለት ካርቶን መጥቶልሻል።

አንድ ነገር ብቻ። ያ ቀይ ክር በነጩ ውስጥ ብርሃን ሲያርፍበት እንደ ጥላ ይታያል፤ ሰውም ምንድን ነው ይላል። ሴትዮዋ ብትተወው ጥሩ ነው። ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓይኖች እንዴት እንደሚያያዙ ዘርዝረሽ ጻፊልኝ። እንዲሁ ለራሴ ለማወቅ ያህል ነው።

ሙሉወርቅ


ቀራንዮ፣ መስከረም 19 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሙሉወርቅ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረስዎት። ጤናዎን ይስጥልኝ።

ሃያው ዛሬ ወጥቷል። ክረምቱን ሙሉ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ተቀምጠን ሠራን። እማማ በላይነሽ አራት የሰፈራቸውን ሴቶች አስተምረዋል። ከመካከላቸው ሰዓዳ የምትባለው በአንድ እጅ ነው የምትሠራው። ኪሮሹን በጉልበቷ መካከል አቁማ፣ ክሩን ወደ ኪሮሹ ታመጣለታለች። ሌላው ዓለም መርፌ ወደ ክር ይወስዳል፤ ሰዓዳ ገልብጣዋለች። ቆሜ ሳያት እግሬ ደነዘዘ።

ስለ ቀዩ ክር ያሉትን አነበብኩላቸው። እማማ በላይነሽ አልተቆጡም። «ያለ እሱ ሁለተኛው ዙር ላይ እጠፋለሁ። ዓይንሽን አውጪው እንደማለት ነው» አሉና፣ ጥላው እንዳይታይ ሆዱን የሚሞላውን ጥጥ አጥብቀው ጠቀጠቁት። ክሩ ግን በሃያውም ውስጥ አለ።

«ሴትዮዋ» ያሏት ሴት ስም አላት። በእያንዳንዱ ሥር «በላይነሽ አምሐ፣ ቀራንዮ» የሚል ትንሽ ጨርቅ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፌ ሰፍቻለሁ። በድርብ ክር፣ ዙሪያውን አሥራ ሁለት ጊዜ ወግቼ። ባለፈው የጠየቅሁትን ጥያቄ አልመለሱልኝም። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓይኖች ደግሞ የእሳቸው ስለሆኑ ፈቃዳቸውን ሳልጠይቅ አልጽፍም።

አክባሪዎ ወለተጻድቅ


ጎተንበርግ፣ ኅዳር 28 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለወለተጻድቅ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ሃያውም በደህና ደርሰዋል፤ እጅግ ያምራሉ። ለእናንተ ሁሉ ምስጋናዬ ብዙ ነው። የስም ጨርቆቹ ግን በመንገድ ረግፈው ይሆናል፤ አላገኘኋቸውም። ሥራ ላይ ስለሆንኩ ባጭሩ ነው የጻፍኩልሽ።

ሙሉወርቅ


ጎተንበርግ፣ መጋቢት 17 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለልጄ ለወለተጻድቅ፣

ጥቅልሽ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት ሆነው። እንደ ሌላ ሰው ሆነሽ አንብቢው ብለሽኝ ነበር። አነበብኩት። ያቺን ሴት አልወደድኳትም።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፤ ለማመካኘት አይደለም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ሽማግሌ አጥቤአለሁ። እኔን «ነርስ» ይሉኛል፤ አንዳንዶቹ «ጥቁሯ ነርስ»። አንድ ሰው ስሜን ጠይቆኝ አያውቅም። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ግን የበረዶውን ሰው በሁለት እጇ ይዛ፣ «ስምሽ ማነው?» አለችኝ። ሥራው የማን ነው አላለችም። ስምሽ አለችኝ። ተናገርኩ። ጻፈችው። ከዚያ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ። ጨርቆቹን በጥፍር መቁረጫ የፈታሁት እኔ ነኝ። አሥራ ሁለቱንም ስፌት፣ ሃያ ጊዜ። መሳቢያዬ ውስጥ አሉ።

ስለ ቀዩ ክር ሲጠይቁኝ ደነገጥኩና፣ «የአገራችን ባህል ነው፤ ሴቶቻችን ለቡዳ መከላከያ ያስገቡታል» አልኩ።

አሁን የምለምንሽ ይህን ነው። ለማኅበሩ አትጻፊ። ዘንድሮን እለፊኝ፤ ለከርሞ እኔው እነግራቸዋለሁ። ለግንቦት ደግሞ ሠላሳ ሴት ይጠብቀኛል። ወለተ፣ መጀመሪያውን ቀለበት እንኳ ማሰር አልችልም። ክሩ ከእጄ ይሸሻል። ጻፊልኝ፤ አታዋርጂኝ። ዘመድሽ ነኝ።

ሙሉወርቅ


ቀራንዮ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሙሉወርቅ፣

ጤና ይስጥልኝ። «የተከበሩ» ብዬ የጻፍኩት ከልማድ አይደለም። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ጨርቆቹን ራሴ ፈታሁ ያለ ሰው ውሸቱን ጨርሷል። ሽማግሌ ማጠብዎንም አደንቃለሁ። እማማ በላይነሽ ታምመው በተኙበት ዘመን ያጠበቻቸውን ሴት ስም እስከ ዛሬ በጸሎታቸው ይጠሩታል። የአንዲትን ነርስ ስም ያልዘነጋ ሰው ካለ እሳቸው ናቸው፤ የእርስዎ እጅ የወደቀው ግን በእሳቸው ስም ላይ ነው።

ስለ ባህሉ ያሉትን አነበብኩላቸው። መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ኪሮሹ ከመዳፋቸው እስኪወድቅ ሳቁ።

«ለቡዳ! ሰዓዳ፣ ሰማሽ? የኔ ድንዛዜ የአገር ባህል ሆነ!»

«እንግዲህ አገሩ ሁሉ ይደንዝዛ» አለች ሰዓዳ።

ሲበቃቸው እንባቸውን በመዳፋቸው ጀርባ ጠረጉና፣ «መጀመሪያውን ቀለበት ትፈልጋለች?» አሉኝ።

«ትፈልጋለች። አልሰጣትም።»

«ስጫት። ሥራ ሲደበቅ ይሻግታል። እኔስ ያስተማሩኝ ሰዎች ደብቀውኝ ቢሆን ምን ይዤ እኖር ነበር? ሥራውን ስጫት፤ ስሜን ግን አትስጫት።»

ስለዚህ ከዚህ ጋር ሙሉውን አሠራር ጽፌ ልኬያለሁ። የስድስቱን ዓይኖች አያያዝ፣ የየዙሩን ቁጥር፣ የጥምጥሙን አጣጣፍ። አንድ ክንድ ቀይ ክርም አለበት። ጣትዎ ደህና ቢሆንም በመጀመሪያው ቀን ያስፈልግዎታል፤ ጀማሪ ሁሉ ይጠፋል።

ለማኅበሩ አትጻፊ ብለውኛል። ጽፌአለሁ። የእርስዎ ደብዳቤ በደረሰኝ ማግስት በእንግሊዝኛ ጽፌ አስገብቻለሁ። ሥሩ ያልተዘጋ፣ ጥጥ ያልተጨመረበት አንድ የበረዶ ሰውም ልኬአለሁ፤ ቀዩ ክር ከሥር እስከ አንገት ወለል ብሎ ይታያል። ክሩ ባህል እንዳልሆነ፣ ጣቷ የማይሰማ አንዲት ሴት በራሷ አእምሮ የፈጠረችው መንገድ እንደሆነ አስረድቻለሁ። ሃያዎቹ ውስጥም እንዳለ፣ የፈለጉትን ፈትተው እንዲያዩ ነግሬአቸዋለሁ። የዓመቱ ክር ለእነማን እንደሚገባ፣ አምስቱንም ሴቶች በስም ጽፌአለሁ። ስለ እርስዎ ያልኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ዘመዴ ሙሉወርቅ ካርዱን ባትልክልን ይህ ሰው አይወለድም ነበር»። ይህም እውነት ነው።

ፖስታው ከግንቦቱ ትምህርት በፊት ይደርሳል። እርስዎ ለሊቀ መንበሯ ነግረው ከፖስታው መቅደም ይችላሉ። ሠላሳው ሴት ፊትም ቆመው የበላይነሽ አምሐን ስም ይናገሩ፣ ከዚያ ቀለበቱን አስረው ያሳዩአቸው። ያን ቀን ስምዎ ምን እንደሆነ ደግመው ይጠይቁዎታል፤ ያኔ የሚሰጡት መልስ የራስዎ ይሆናል።

እኔ ግን ከአሁን በኋላ ዘመድ ነኝ እየተባለ ሲዘረፍ ዝም አልልም። ለጠየቅሁት ጥያቄ በስድስት ወር ዝምታና በሁለት ካርቶን ክር መመለስን አልቀበልም። «ለከርሞ» የሚባል ቀጠሮ አልቀበልም። የበላይነሽ አምሐን ስም ያልያዘ የበረዶ ሰው ከዚህ ቤት አይወጣም፤ ስሙ በመንገድ ረገፈ የሚል ደብዳቤም ወደዚህ ቤት አይገባም።

ወለተጻድቅ ሀብተማርያም